መንገድ ለአላፊው ነውን ወይስ ለነዋሪው? ስለ ቢቸናና ስለ ሞጣ

ስለ መንገድ ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ በተነገረ ቁጥር የሚደጋገም አንድ አሳብ አለ። አሳቡም፣ መንገድ ሊሠራ የሚገባው ብዙ ተሽከርካሪ በሚመላለስበት አቅጣጫ ነው፤ መኪና በማይበዛበት አገር ላይ የሚወጣው ገንዘብ ግን የመንግሥትን ግምጃ ቤት ማራቆት ነው የሚል ነው። ይህን የሚናገሩት ወንድሞቻችን ክፉ አሳቢዎች አይደሉም። አብዛኞቹ የተማሩ፣ ሒሳብ የሚያውቁ፣ ለአገርም ሀብት የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። ስለሆነም አሳባቸው በንቀት ሊታለፍ አይገባውም፤ በክርክር ሊመለስ ይገባዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናደርግ የተነሣነው ይህንኑ ነው።

ክርክሩ ባዶ ቃል ሆኖ እንዳይቀር አንድ የታወቀ አገር እንያዝ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ በጎሐ ጽዮን በኩል የአባይን በረሃ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ጨርሶ ደጀን በደረሰ ጊዜ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን እያዳረሰ የጮቄን ተራራ በምዕራብ በኩል የሚዞረው ነው። ሁለተኛው ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅን፣ ሞጣንና አዴትን ይዞ በጮቄና በአባይ ገደል መካከል በተዘረጋው ደጋ ላይ የሚሄደው ነው። ይህ የኋለኛው ለባሕር ዳር ተጓዥ አጭሩ ቢሆንም ለረዥም ዘመን የጠጠር መንገድ ሆኖ ኖሯል። ታላቁ ገንዘብና ታላቁ ጥንቃቄ የተሰጠው ለፊተኛው ነበር። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ከላይ የጠቀስነው ነው፤ «አንድ መንገድ ካለ ሁለተኛው ምን ያደርጋል? ባሕር ዳር መድረስ እንደ ሆነ በማርቆስም ይደረሳል» ይባላል።

በውነቱ ባሕር ዳር በማርቆስም ይደረሳል። ነገር ግን የእነማይ ገበሬ ባሕር ዳር ልድረስ ብሎ መቼ ጠየቀ? ጥያቄውን ያቀረበው በመኪናው መስኮት አጠገብ የተቀመጠው አላፊ ነው። ለእርሱ ቢቸና ሻይ የሚጠጣባት፣ ሞጣም እግሩን የሚያፍታታባት ማረፊያ ናት። ለእነማይ፣ ለእናርጅ እናውጋ፣ ለሁለት እጁ እነሴ ሰው ግን መንገዱ ጤፉን የሚያወጣበት፣ ማዳበሪያውን የሚያስገባበት፣ ወላድ በቃሬዛ ተይዛ ስትመጣ ሐኪም ቤት የምትደርስበት፣ ልጁም ስምንተኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገባበት ነው። አንዱ መንገዱን የሚለካው በሰዓት ነው። ሌላው የሚለካው በኑሮው ነው። ሁለቱን ልኬቶች በአንድ ሚዛን ላይ ሳያወጡ «መንገዱ ያዋጣል፣ አያዋጣም» ብሎ መፍረድ አንደኛውን ባለጉዳይ ሳይሰሙ ፍርድ እንደ መስጠት ነው።

መኪና ቆጥራችሁ ሥሩ ለሚሉን ሰዎች የምናቀርበው የመጀመሪያው ምስክር ከሞጣ በስተሰሜን በአባይ ወንዝ ላይ ይገኛል። ሰባራ ድልድይ ይባላል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት በድንጋይና በኖራ የታነጸ፣ ጎጃምን ከቤጌምድር ጋር ያገናኝ የነበረ ድልድይ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ወገቡ ተቆረጠ። ሕዝቡ ግን መሻገሩን አልተወም። በተቆረጠው ወገብ ግራና ቀኝ ጉልበታሞች ይቆማሉ፤ ገመድ ይወረውራሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከበታቹ አባይ እያገሣ፣ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከማዶ ወደ ማዶ ይጎተታል። አያሌ ዓመታት በዚህ ሁኔታ አለፉ።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ አንድ መሐንዲስ ደብተሩን ይዞ ከአባይ ዳር ቢቀመጥና ተሻጋሪውን ቢቆጥር ምን ሊጽፍ ኖሯል? ጥቂት ሰው። መኪና፣ አንድም። በቅሎ፣ አንድም። የተጫነ አህያ፣ አንድም። ሪፖርቱም «በቦታው ድልድይ የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ አልተገኘም» ተብሎ በተዘጋ፣ መዝገቡም በመደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ነበር። እንቅስቃሴው ያልተገኘው ግን ድልድዩ ስለ ሌለ መሆኑን በደብተሩ ላይ የሚመዘገብበት ዓምድ የለም። በገመድ ለመንጠልጠል የሚደፍር ሰው የሚሻገረው ግድ ሲሆንበት ብቻ ነው፤ ዘመድ ሲሞትበት፣ ፍርድ ሲያዝበት፣ ሠርግ ሲጠራ። ሦስት ቁና ጤፍ ተሸክሞ የማዶው ገበያ ከወዲህኛው ገበያ ይሻል እንደ ሆነ ለማወቅ የሚንጠለጠል የለም። ንግድ የሚባለው ነገር ሁሉ ደግሞ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ዋጋን ከዋጋ ከማወዳደር።

የዚያ ገመድ ፎቶግራፍ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጣ። በ1993 ዓ.ም. ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ መጽሔቱን ሲያገላብጥ ሥዕሉን ተመለከተ፤ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ የተሰበረውንም ወገብ በብረት አስጠገነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአባይ ሙላት ብረቱን ቢጎዳው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ለእኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀት ለምናገላብጥ ሰዎች ነገሩ ጥቂት እፍረት ሊያሳድርብን ይገባ ነበር። ያ ገመድ በአገራችን ወንዝ ላይ፣ በአገራችን ሰው ወገብ ላይ ስንት ዘመን ሲታሰር ኖሮ፣ እንደ ችግር የተቆጠረው በባሕር ማዶ መጽሔት ከታተመ በኋላ ነው። ቆጣሪዎቻችን ያን ጊዜ ምን ይቆጥሩ ኖሯል?

ይኸው ድርጅት ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች ለእግረኛ የሚሆኑ ድልድዮችን ሠርቷል። በኒካራጓ ገጠር የሠራቸውን ዋይት ብሩክስና ኬቪን ዶኖቫን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን መረመሩ። ያገኙት ነገር የሰባራ ድልድይን ሰው የሚያስገርም አይደለም። ድልድይ ባልተሠራላቸው መንደሮች ወንዝ በሞላ ጊዜ ሰው ወጥቶ መሥራት ስለማይችል ገቢው ይወድቃል። ድልድይ በተሠራላቸው ግን ይህ መውደቅ ቀረ። ከዚህም በላይ የገበሬው የእርሻ ትርፍ 75 በመቶ ያህል አደገ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ድልድዮች መኪና የማያልፍባቸው ናቸው። በመኪና ቆጣሪው ደብተር ላይ የሁሉም ውጤት ዜሮ ነው።

ኒካራጓ ሩቅ ነው፣ አገሩም ሌላ ነው የሚለን ይኖራል። እንግዲያስ ወደ ቢቸና እንመለስ። ከቢቸና ሳይርቅ፣ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ የትመን የምትባል የጤፍ አገር አለች። የትመን ከ1986 እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ቤተሰቦቻቸው በተደጋጋሚ ከተጠየቁት አሥራ አምስት የኢትዮጵያ ገጠር መንደሮች አንዷ ነበረች። ስቴፋን ደርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ታሰው ወልደሐና ይህን የዐሥር ዓመት መረጃ መርምረው በደረሱበት ውጤት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት በድህነት ውስጥ ያለውን ሕዝብ ድርሻ በ6.9 የመቶኛ ነጥብ የሚቀንስ፣ የፍጆታንም ዕድገት በ16.3 በመቶ ከፍ የሚያደርግ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ቁጥር የአሥራ አምስቱ መንደሮች በአንድነት ነው እንጂ የየትመን ብቻ አይደለም። ሆኖም ሒሳብ እንወዳለን የሚሉ ወንድሞቻችን ሒሳብ ከፈለጉ ይኸው ሒሳብ ነው። በዚህ ጥናት ውስጥ አንድ ተሽከርካሪ አልተቆጠረም። የተቆጠረው በጎጆ ውስጥ የተበላው እህልና የወጣው ገንዘብ ነው።

በዚህ ውጤት ላይ «ክረምት ከበጋ» የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርገን መያዝ ይገባናል፤ ክርክራችን ወደ ኋላ የሚመለስበት እርሱ ላይ ነውና። አስቀድመን ግን ከታሪክ አንድ ጉዳይ እናንሣ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዓመፅ ተነሣ። ዓመፁ በርትቶ ከታየባቸው አውራጃዎች ቢቸናና ሞጣ ዋነኞቹ ነበሩ። የዓመፁ ምክንያት ብዙ ነው። ገበሬው ርስቱ በቀላድ ተለክቶ ይወሰድብኛል ብሎ ሠግቶ ነበር፤ የአስተዳደሩም በደል አስመርሮት ነበር። መንገድ ቢሠራ ኖሮ ዓመፁ ባልተነሣ ነበር ብለን እንዲያው በድፍረት አንናገርም። የምንለው ይህ ነው። ያ ሕዝብ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አገር ሕዝብ ነበር፤ ለነጻነት የከፈለውን ዋጋ ማንም አይክደውም። ጠላት ከወጣ በኋላ በሃያ ሰባተኛው ዓመት ግን መንግሥት ለዚህ ሕዝብ የቀረበው ገማችና ግብር ሰብሳቢ ሆኖ፣ ዓመፁም ከተነሣ በኋላ ወታደርና ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን ሆኖ ነው። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የግብሩን ውዝፍ ማሩ። ግብር ለመንግሥት መክፈል ተገቢ መሆኑን ማንም የመንግሥት ሠራተኛ ያምናል። ነገር ግን የሚከፍለው ሰው «ገንዘቤ የት ደረሰ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ በጣት የሚያሳዩት አንዳች ነገር ሊኖር ይገባል፤ የሚሻገሩበት ድልድይ፣ የሚሄዱበት መንገድ፣ ልጅ የሚልኩበት ትምህርት ቤት። በሞጣ አቅራቢያ በዚያው ዓመት የሚታየው ገመድ ነበር።

ይህ አድልዎ ከምን መጣ የተባለ እንደ ሆነ፣ ከክፋት አልመጣም። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ስትበደር ባንኩ በአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ጠላት ያበላሻቸውን ታላላቅ መንገዶች አድሶ ዋና ከተማውን ከየጠቅላይ ግዛቱ ከተማና ከወደብ ጋር ማገናኘት በዚያ ዘመን የሚነቀፍ አሳብ አልነበረም። ብድር የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነውና ቡናና ቆዳ ወደሚወጣበት አቅጣጫ መመልከትም ያለ ነው። የሚነቀፈው ለዚያ ዘመን የተቆረጠውን ልብስ ለዛሬም እንልበስ ማለት ነው። የመንገድ ልማት መርሐ ግብር በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር በአገሪቱ የነበረው መንገድ ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ከ110 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። በዐሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድገት የታየው መኪና ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ ከዚህ አብዛኛው ባልተሠራ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የአባይ አዲስ ድልድይም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ለተጨመረው ጭነት ታስቦ የተሠራ እንጂ በአሮጌው ድልድይ ላይ ያልፍ ለነበረው ብቻ አይደለም። ድልድዩ ከደጀን በታች ነው። ከደጀን በላይ ያለው ሰው ወደ ድልድዩ መድረሻ ካላገኘ ግን የእርሱ ድልድይ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከሌላ ወገን ለሚመጣ ተቃውሞ መልስ እንስጥ። መንገድ የሚጠቅመው ነጋዴውን ነው፤ ደላላው በካሚዮን መጥቶ ጤፉን በርካሽ ያነሣል፤ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ይሄዳል፤ ወጣቱም በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍሮ ከተማ ይገባል፤ ለገበሬው የሚቀረው አቧራው ነው የሚሉ አሉ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት የለም አንልም። አቧራውን ማንም ያየዋል። ደላላም አለ። ይሁን እንጂ ደላላ ገበሬውን በርካሽ የሚገዛው መንገድ ስላለ አይደለም፤ መንገዱን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ወደ ቢቸና አንድ ካሚዮን በሳምንት ሲገባ የካሚዮኑ ባለቤት ዋጋ ቆራጭ ነው። ዐሥር ሲገባ ግን ዋጋ ቆራጮቹ እርስ በርሳቸው ይሻማሉ፤ ገበሬውም በእጅ ስልኩ የደጀንን፣ የባሕር ዳርንና የአዲስ አበባን ዋጋ ጠይቆ ይጠብቃል። ስልክ ያለ መንገድ ያስቆጫል፤ ሩቅ ገበያ ያለውን ዋጋ ሰምቶ መድረስ አለመቻል ማለት ነውና። መንገድም ያለ ስልክ ደላላን ያደልባል። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ነው ገበሬ የሚጠቀመው። ወጣቱ ከተማ ይገባል ለሚለውም፣ ወጣቱ መንገድ ባይኖርም በእግሩ ይሄዳል፤ መንገድ ካለ ግን ለበዓልና ለአዝመራ ይመለሳል፤ ገንዘብም ይልካል።

እንግዲህ «ክረምት ከበጋ» ወዳልነው ነገር እንመለስ። የቢቸና ዙሪያ መሬት አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እግርም ጎማም ይይዛል። ጤፍ የሚወደው ይህንኑ አፈር ነው፤ የጎጃም ነጭ ጤፍ ስሙን ያገኘው ከእንዲህ ያለ ማሳ ነው። ነገር ግን ጤፍ የሚወደውን አፈር መንገድ አይወደውም። ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ቢቸና ወይም ሞጣ መጋዘን ይደርሳል። ከዚያ ወደ ቀበሌው የሚሄድበት ጊዜ የሚገጥመው ከሰኔና ከሐምሌ ጋር ነው፤ ማለት ዋልካው ከሚያብጥበት፣ ሙጋና ሱሃ ከሚሞሉበት፣ ከጮቄ የሚወርደውም ጅረት ሁሉ ጥርጊያውን መንገድ እየቆረጠ ወደ አባይ ከሚወርድበት ወራት ጋር። ሺህ ኪሎ ሜትር በአስፋልት የመጣው ማዳበሪያ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ይቆማል። ጤፍ የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ደግሞ ለዚያ ዓመት ምንም አይጠቅም፤ ዕዳው ግን ይቀራል።

ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ለዚህ መልስ የሰጡት ዛሬ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉንም ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ የማገናኘት መርሐ ግብር በአሳቡ ከማንም የተሻለ ነበር፤ አላፊውን ትቶ ነዋሪውን የተመለከተ ነበርና። ችግሩ በአሠራሩ ላይ ነው። ቀበሌ መንገድ ተጠረገ፤ ኪሎ ሜትሩ ተለክቶ በሪፖርት ገባ፤ ውሃ መተላለፊያ ቱቦ ሳይቀበርበት፣ ጠጠር ሳይለብስ፣ ወይም ሁሉ ተሟልቶለት ጠባቂ ሳይመደብለት ቀረ። አንድ ክረምት ያልፍበታል፤ በሁለተኛው ክረምት የመንገድ ስም ብቻ ይቀራል። በሪፖርቱ ላይ ግን ኪሎ ሜትሩ አሁንም አለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፊተኞቹ ወንድሞቻችን የሚሳሳቱት ያልተሠራውን መንገድ ስለማይቆጥሩ ነበር። እነዚህ ደግሞ የሚሳሳቱት የጠፋውን መንገድ ስለሚቆጥሩ ነው። ሁለቱም ከወረቀቱ ላይ ቀና ብለው ቦታውን ስላልተመለከቱ ነው።

መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ሥዕል ይነሣል። የመንገድ ቦይ ሲጠረግ ግን ሪባን የሚቆርጥ ሹም አይመጣም። እኛ በበኩላችን እስካሁን ለተጠረገ ቦይ የተደረገ ንግግር አልሰማንም። ይህን ስንል ለቀልድ አይደለም። አንድ መንገድ የሚበላሸው ከላይ በሚሄደው ጎማ ብቻ አይደለም፤ በይበልጥ የሚያበላሸው ከጎኑ የቆመ ውሃ ነው። በደለል የተደፈነ ቱቦ ውሃውን ወደ መንገዱ ይመልሰዋል፤ ውሃው ከጠጠሩ በታች ይገባል፤ በዋልካ ላይ የተሠራ መንገድ ደግሞ ከሥሩ ውሃ ከጠጣ ይሰነጠቃል፤ ይሰምጣል። አንድ ሰው ከሰኔ በፊት በአካፋና በዶማ በሁለት ቀን ሊጠርገው ይችል የነበረው ቱቦ ከመስከረም በኋላ ማሽን፣ ጠጠርና የሥራ ተቋራጭ ያስፈልገዋል። ለዚህ ሲባል ነው በ1989 ዓ.ም. በዐዋጅ የመንገድ ፈንድ የተቋቋመውና ከነዳጅ ዋጋ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለጥገና እንዲውል የተደነገገው። ሕጉ አለ፤ ገንዘቡም የሚሰበሰብበት መንገድ አለ። የጎደለው ጥገናን እንደ ግንባታ የሚያከብር ልብ ነው። በየወረዳው ከመንገዱ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ቁጥር በተወሰነ ኪሎ ሜትር ላይ ተመድቦ፣ ከእርሻው ሥራ ጋር በማይጋጭበት ወር ቦዩንና ቱቦውን እየጠረገ ደመወዝ ቢያገኝ ምን ያስቸግራል? ገንዘቡ እዚያው ቢቸናና ሞጣ ይቀራል፤ መንገዱም ጌታ ያገኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ዝም ብለን ብናልፈው ክርክራችን ጎዶሎ ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለዳቸው ታላቁን የታሪኩን ክፍል ያኖሩት በዲማ ጊዮርጊስ ነው፤ ዲማም ከቢቸና ሩቅ አይደለችም። የመጽሐፉ ዋና ሰው በዛብህ የሚሞተው በአባይ በረሃ መንገድ ላይ ወንበዴ አቁስሎት ነው። የዚያ ዘመን አንባቢ ይህን ሲያነብ ምንም አላስደነቀውም፤ በአባይ በረሃ ማለፍ ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበርና። የኋላው ትውልድ ግን ይህን እንደ ድሮ ነገር አነበበው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የምሥራቅ ጎጃም መንገዶች በየጊዜው በተዘጉ ጊዜ ግን የድሮው ነገር ወደ ቤታችን ተመለሰ። በመንገድ የሚኖር ሕዝብ መንገዱ ሲዘጋ የሚደርስበት ጉዳት መንገድ ኖሮት ከማያውቀው ይብሳል። መንገድ የሌለው ገበሬ የሚያመርተው ለቤቱ ነው። መንገድ ያለው ግን የሚያመርተው ለገበያ ነው፤ ዘይቱን፣ ሳሙናውንና የልጁን ደብተር የሚገዛው ጤፍ ሸጦ ነው፤ መድኃኒቱ ከከተማ እንደሚመጣ ተማምኖ ነው። ይህን እምነት በአንድ ቀን ማፍረስ ይቻላል። መልሶ ለመገንባት ግን አስፋልት ከማንጠፍ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። መንገድ መዝጋትን እንደ መሣሪያ የሚያዩ ወገኖች ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ቢሆኑ፣ የሚመቱት ባላጋራቸውን ሳይሆን ወላዷንና ተማሪውን መሆኑን ይህን ጽሑፍ የሚያነብ መምህር ከእኛ ይልቅ ያውቃል፤ ባዶ ክፍል ያየው እርሱ ነውና።

ስለዚህ መኪና ቆጣሪ ወንድሞቻችንን የምንለምናቸው ቆጠራውን እንዲተዉ አይደለም። ይቁጠሩ። ነገር ግን በደብተራቸው ላይ ጥቂት ዓምድ ይጨምሩ። ሞጣ ከተማ በቃሬዛ ከመጡት ወላዶች ስንቶቹ በሰዓቱ እንደ ደረሱ፣ ማዳበሪያ ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ስንት ቀበሌ እንደ ደረሰ፣ ስንት መምህር በትምህርት ቤቱ ላይ መገኘት እንደ ቻለ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ በቢቸናና በአዲስ አበባ ያለው የዋጋ ልዩነት ከመንገዱ በፊትና በኋላ ስንት እንደ ነበረ ይጻፉ። ይህ ሁሉ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ በጤና ጣቢያዎችና በገበያ ላይ ተጠይቆ ሊገኝ የሚችል ነው፤ አሜሪካዊ የመጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ እስኪመጣ የሚያስጠብቅ ነገር የለውም። ዓምዱ ከተሞላ በኋላ መንገዱ አያዋጣም የሚል ካለ በዚያን ጊዜ ክርክሩን እንደ ገና እንጀምር።

የሚመጣው ዓመት በጀት ሲዘጋጅም ለአዲስ ግንባታ ከሚጻፈው መስመር አጠገብ ለጥገናው የሚሆነው መስመር አብሮ ይጻፍ፤ ያለ እርሱም ግንባታው አይፈረምለት። ለጊዜው ግን ሰኔ ሳይገባ ከደጀን እስከ አዴት ያሉት ቦዮችና ቱቦዎች ይጠረጉ።